ፋይሉን የያዘው ኤችፒ ነው

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ከሚነገሩ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ «ሲስተም የለም»ን የሚያህል ክርክር የማይነሣበት አላገኘሁም። «ኃላፊው የሉም» ሲባል ባለጉዳይ መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቃል። «ማኅተም ያዥዋ ፈቃድ ወጥታለች» ሲባል ለማን ውክልና እንደሰጠች ይጠይቃል። ሲስተም የለም ሲባል ግን ወዴት እንደሄደ፣ ከምሳ በኋላ ይመለስ እንደሆነ፣ ወኪል ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም። ባለጉዳዩ ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል።

ወኪል ግን አለው። ዐቅም ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ለሲስተሙ ወኪል ከገዙለት ቆይተዋል። የአይቲ ሰዎች ክላስተር ይሉታል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰርቨሮች አንድ ማከማቻ ተጋርተው፣ ለሠራተኛው በአንድ ስም እየተጠሩ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ ተደርገው ይታሰራሉ። ሌት ተቀን፣ በየሰከንዱ፣ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። አንዱ ዝም ያለ እንደሆነ ሌላው ለጥቂት ሰከንድ ይታገሠውና ዲስኩንም፣ ስሙንም፣ አድራሻውንም ይወርሳል። ፎቅ ላይ ደብዳቤ የምትጽፈው ጸሐፊ ኮምፒውተሯ ትንሽ ያዝ አድርጎ እንደለቀቃት ብቻ ነው የሚታወቃት።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስ የሚላቸውን ማሽኖች እንዲህ አስተሳስሮ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ማይክሮሶፍት የራሱን በ1997 ሲያወጣ ሥራው ገና በምስጢር ሳለ የሚጠራበት ስም «የተኩላ መንጋ» ነበር። እንደ ገባኝ፣ አንዱ ተኩላ ቢወድቅ መንጋው አደኑን አይተውም ለማለት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ በጀቱ የፈቀደው ሁለት ተኩላ ብቻ ሆነ።

ሻጮቹ አምስት ዘጠኞችን ይዘው ይመጣሉ፦ 99.999 ከመቶ። ሲመነዘር፣ ሲስተሙ በዓመት ውስጥ ቢጠፋ የሚጠፋው 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር በስክሪን ላይ ሲታይ የግዢ ኮሚቴው አባላት ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፉታል። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩን ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ከዋናው በር ተጠርቶ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ብቻውን የዓመቱን ኮታ ጨርሶ ለሚቀጥለው ዓመት ዕዳ እንደሚያሳድር ግን ማንም አያነሣም።

የሚገዛበት ወር ደግሞ አለው። ክላስተር ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባው በአብዛኛው በሰኔ ነው፤ ቴክኒካዊ ምክንያት አትፈልጉለት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ገንዘብ መመለስ ደግሞ ዕቅድን አለመፈጸም ነው። ፈሪው ኃላፊ ወንበርና መጋረጃ ይገዛል፤ ደፋሩ ሰርቨር። ሰርቨሮቹ በካርቶናቸው እንደታሸጉ ሐምሌንና ነሐሴን በንብረት ክፍል ያሳልፋሉ። በመስከረም ካርቶኑ ሲከፈት ዋስትናው መቁጠር ከጀመረ ሰንብቷል።

ተተክሎ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው? እንዲህ የተደከመበት መሣሪያ በመጨረሻ ለሠራተኛው የሚታየው በኮምፒውተሩ ላይ ዜድ የምትል አንዲት ምልክት ሆኖ ነው። ሼርድ ፎልደር። ከዚያች ፎልደር ውስጥ ያለውን ለማየት ድፍረት ያስፈልጋል።

አንድ መሥሪያ ቤት ዜድን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት «አመታዊ እቅድ» ነው። ዝቅ ስትሉ፣ በከ እና በወ የሚጀምሩትን ፎልደሮች ሁሉ አልፋችሁ፣ «ዓመታዊ ዕቅድ» አለ። ከሱ አጠገብ «ዓመታዊ እቅድ»፣ ከሱም አጠገብ «ዐመታዊ ዕቅድ»። ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን አራት የማይተዋወቁ ፎልደሮች ናቸው። ስለ ሞክሼ ፊደላት በዚች አገር ስንት ተጻፈ፣ ስንት ሊቅ ተከራከረ! ክርክሩ ተጨባጭ ጉዳት ሲያደርስ ማየት የፈለገ ወደ ዕቅድና በጀት ክፍል ይሂድ። የተሻሻለው ዕቅድ በአልፋው አ ተቀምጦ የተሰረዘው በዓይኑ ዓ ጸድቆ ለበላይ አካል ተልኳል። «ሠራተኛ» ብሎ የፈለገ «ሰራተኛ»ን አያገኝም፤ ስላላገኘም አዲስ ፎልደር ይከፍታል።

ከፊደሉ ደግሞ ቁጥሩ ይብሳል። «2016» የሚል ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ሪፖርቶቹን ብታዩ ግማሹ የኛ 2016 ነው፤ ግማሹ ለለጋሾች የተላከ የፈረንጆቹ 2016። በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት ገደል አለ። ሁለቱም ፋይል «የሦስተኛ ሩብ ዓመት አፈጻጸም» ይላል፤ ሦስተኛው ሩብ ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አይናገርም። የውጭ ኦዲተር የመጣ ዕለት ይህችን ፎልደር የሚያስረዳ ሰው ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ ስሙ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ የሆነ፣ የተረገመ የሚመስል ፋይል አይጠፋም። እሱ በጥንቱ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ርዕስ እንዳለ ተገልብጦ የፋይል ስም የሆነ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ፓወር ግዕዝ ግን ከአንዳንድ ቢሮ እስካሁን አልወጣም።

ዊንዶውስ ለረጅም ዘመን የአንድ ፋይል ሙሉ አድራሻ ከ260 ፊደል እንዳይበልጥ ከልክሎ ኖሯል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬም በዚያው ልማድ ይሄዳሉ። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች የኛን መዋቅር አላዩም። «የለውጥና የመልካም አስተዳደር ሥራዎች ክትትልና ድጋፍ ዳይሬክቶሬት ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት» ተብሎ ፎልደር ከተከፈተ በኋላ ለፋይሉ ስም የሚተርፈው ቦታ ስንት ነው? በውስጡ ደግሞ «የመጨረሻ»፣ በዚያ ውስጥ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ በዚያም ውስጥ «ይሄኛው ነው ትክክሉ»። ወደ ስድስተኛው ፎልደር ስትወርዱ ፋይሉ አለ፤ ይታያል፤ አልከፈትም ይላል።

አሁን ወደ ኤችፒ እንምጣ።

የጋራ ፋይልን አንድ ሰው ከፍቶ እየሠራበት ሳለ ሌላው ሊጽፍበት ቢሞክር ማሽኑ ይከለክለውና የያዘውን ሰው ስም ይነግረዋል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ስሙን ካወቅህ ደውለህ «እባክህ ዝጋው» ትላለህ። የኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ግን በአንድ ግዢ የመጡ፣ በአንድ ቴክኒሻን ባንድ ሰሞን የተጫኑ ናቸው፤ የተጠቃሚ ስም በሚለው ቦታ ሁሉም ላይ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ነው። ስለዚህ የበጀት ሠንጠረዡን ለመክፈት የሞከረች የሒሳብ ባለሙያ የምታገኘው መልስ አጭር ነው፦ ፋይሉን የያዘው ኤችፒ ነው።

እሷም ኤችፒ ናት። አጠገቧ ያለው ኤችፒ ነው። ዳይሬክተሩ ኤችፒ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ «ኤችፒ ማነው? ኧረ በናታችሁ በጀቱን የያዘ ሰው ይልቀቅ!» የሚል ጥሪ ይሰማል። ሁሉም ወደየስክሪኑ ያያል፤ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል። እንደምንም ሲጣራ ፋይሉን የከፈተው ባልደረባ ስክሪኑን ቆልፎ ለሦስት ቀን ሥልጠና ቢሾፍቱ ወርዷል።

«ታዲያ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብሩትና ይልቀቅ» የሚል ብልህ አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው የቴክኖሎጂው ዕድገት የሚያስቀው። ድሮ ቢሆን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር የመጣው፣ ኤስኤምቢ የሚባለው የፋይል መጋሪያ ደንብ ሦስተኛ ትውልድ ግን አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ተረካቢው የተከፈቱትን ፋይሎች ከነቁልፋቸው ሳይለቅ እንዲቀጥል የሚያደርግ ዘዴ ይዟል። የታሰበው ትልልቅ ዳታቤዞች ሳይቋረጡ እንዲሠሩ ነበር። በተግባር፣ ቅንብሩ በቢሮ ፋይሎች ላይም በርቶ ሲተው፣ ሰርቨር ወደቀ፣ ምክትሉ ሥልጣን ተረከበ፣ የኤችፒንም ቁልፍ አብሮ በአደራ ተረከበ። ሰውዬው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲበላ በጀቱ አዲስ አበባ ላይ ተይዞ ይውላል።

በርግጥ የአይቲው ልጅ ከሰርቨሩ ላይ ሆኖ የተከፈተውን ፋይል ማስለቀቅ ይችላል። ያልተቀመጠ ሥራ ካለ ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ በደብዳቤ ይታዘዝ ዘንድ ይጠይቃል። ደብዳቤው ወጪ ሆኖ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት እስኪደርሰው የቢሾፍቱው ሰው ይመለሳል።

የፈቃዱን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ የጋራ ፎልደር ላይ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ይሰጣል፤ አንደኛው በሼሩ ላይ፣ ሌላው በራሱ በፎልደሩ ላይ፤ ከሁለቱ ጥብቁ ይገዛል። ይህን ማስተካከል ጊዜ ይጠይቃል። «አልገባም አለኝ» የሚል ስልክ በአሥር ደቂቃ ሦስቴ የተደወለለት ቴክኒሻን ደግሞ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሁለቱም ላይ ለሁሉም ሰው ሙሉ ሥልጣን ይሰጥና ወደ ማኪያቶው ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የደመወዝ ዝርዝሩ ለተላላኪው ሳይቀር ክፍት ሆኖ የስፖርት ኮሚቴው ፎልደር ብቻ በጥብቅ ተቆልፎ ይገኛል፤ የኮሚቴው ጸሐፊ በኮምፒውተር ትንሽ ትንሽ ይሞካክራላ።

ሙሉ ሥልጣን ማለት የመደምሰስ ሥልጣንም ነው። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አንድ ማለዳ ወደ አይቲ ክፍል ወረዱ።

«አንተ ልጅ፣ የወጪ ደብዳቤ ፎልደሬን አውጣልኝ።»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«አጠፋሁታ። ቦታ ይዟል ብዬ። ከቅርጫቱ አውጣልኝ።»

«እትዬ፣ ኔትወርክ ላይ ያለ ፋይል ሲጠፋ እርሶ ኮምፒውተር ላይ ወዳለው ቅርጫት አይገባም።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «ሁለት ሰርቨር ገዝተናል ብላችሁ በስብሰባ ስታወሩ አልነበረም እንዴ? እኔ ያጠፋሁት ካንዱ ነው። ከዚያኛው አምጣልኛ!»

በእትዬ የሚስቅ ሰው ካለ ይቆይ። ይህንኑ ጥያቄ ከረባት ያሰሩ ሰዎች በተሻለ ቋንቋ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ፤ በጽሑፍም አንብቤዋለሁ፦ «መሥሪያ ቤታችን ከፍተኛ ወጪ አውጥቶ ክላስተር የተከለ ስለሆነ የባክአፕ ግዢው በዚህ በጀት ዓመት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።» ፊርማ አለበት። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚቀዱት ከአንድ ማከማቻ ነው። እትዬ ዲሊት ሲሉ ክላስተሩ ትእዛዛቸውን ያለ አንዳች መቆራረጥ፣ በታላቅ አስተማማኝነት ፈጽሞላቸዋል። መሐል ላይ አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ኖሮ ሌላው ተረክቦ ማጥፋቱን በጨረሰላቸው ነበር።

መድኃኒት የለውም አይደለም። ዊንዶውስ ሰርቨር የጋራ ፎልደሩን የቀደሙ ገጽታዎች በየሰዓቱ እየመዘገበ ለአንድ ዲስክ እስከ 64 ድረስ ማስቀመጥ ይችላል፤ እትዬ ራሳቸው ሁለቴ ተጭነው የትናንቱን ባገኙት ነበር። ግን መብራት አለበት፤ ቦታም ይበላል። ቦታውን ደግሞ በሠርግ ቪዲዮዎችና በተከታታይ የቱርክ ፊልሞች ይዘነዋል። ፋይል የሚያሳጣ ደግሞ የእትዬ እጅ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ተባይ የመጀመሪያውን፣ ያረጀውን የኤስኤምቢ ስሪት ቀዳዳ ተጠቅሞ የዓለምን ፋይሎች ሲቆልፍ ማስተካከያው ከተለቀቀ ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር። ባክአፕ ለሌለው ሰው ክላስተሩ በዚያን ጊዜም ቃሉን ይጠብቃል፤ የተቆለፉት ፋይሎች 99.999 ከመቶ በሚሆነው ጊዜ ተቆልፈው ይገኛሉ።

ስለ ሁለቱ ሰርቨሮች ግንኙነት ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነውና። ሁለቱ ማሽኖች ደኅና ሆነው በመካከላቸው ያለው ገመድ ቢበጠስስ? እያንዳንዱ ጓዱ የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱም ውርሱን ለመያዝ ወደ ዲስኩ ይሮጣሉ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ቢጽፉ ፋይሉ አፈር ድሜ ይበላል። ይህን ለመከላከል ማሽኖቹ እንደ እድር ናቸው፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ሥራ የለም። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ ወገን ራሱን ያገላል። እድራችን በመጀመሪያው ጥሪ ሰው ሲጎድል «በድጋሚ ጥሪ በተገኘው አባል ይካሄዳል» ብሎ ያልፋል፤ ክላስተሩ እንዲህ ያለ ደንብ በራሱ አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሊኑክሶቹማ ይብሳሉ፤ አንዱ ሌላውን ከተጠራጠረው ኤሌክትሪኩን ያስጠፋበታል፤ የዘዴውም ስም ያለ ይሉኝታ «ያኛውን ማሽን ጭንቅላቱን በለው» ነው።

ሁለት ድምፅ ሲከፈል እኩል ስለሚሆን ሦስተኛ ምስክር ግድ ነው። ምስክሩ ትንሽ ዲስክ ወይም በሌላ ማሽን ላይ ያለች አንዲት ባዶ ፎልደር ልትሆን ትችላለች። በሌላ ማሽን ላይ! የኛው ቴክኒሻን ምስክሯን ያስቀመጣት እዚያው ክላስተሩ ውስጥ በሚሠራ ማሽን ላይ ነው። ተከራካሪዎቹ ሲወድቁ ምስክሯም አብራ ትወድቃለች።

ሰርቨር ክፍሉን ያየ ሰው ግን በቴክኒሻኑ ብቻ አይፈርድም። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ሁለት የኤሌክትሪክ ገመድ አለው፤ ፋብሪካው ሲሠራው አንደኛው ከአንድ መስመር፣ ሌላው ከሌላ መስመር እንዲሰካ አስቦ ነው። አራቱም ገመድ የተሰካው በአንድ ዲቫይደር ላይ ነው። ዲቫይደሩ አንድ ዩፒኤስ ላይ፣ ዩፒኤሱ አንድ ሶኬት ላይ። በዲቫይደሩ አምስተኛ ቀዳዳ የሻይ ውኃ ማፍያ ተሰክቷል፤ ክፍሉ ጸጥ ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሻይ የምታፈላው ልጅ ትወደዋለች። የኤሲው ውኃ የሚንጠባጠብበት ባልዲም እዚያው ነው።

ፓስወርዱን የሚያውቀውም አንድ ሰው ነበር። የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ባንክ ሲሄድ ክሊራንስ ዞሯል፤ ላፕቶፕ መልሷል፣ ወንበርና መሳቢያ ቁልፍ መልሷል፣ ከሠራተኞች ክበብ የምሳ ዕዳ እንደሌለበት ተፈርሞለታል። ፓስወርድ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ ስለሌለ ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩን የነካው የለም። ወኪሉ ሥራ ይረከብ እንደሆነ የሚሞክርም የለም፤ «እየሠራ ነው፤ አትንኩት» ይባላል።

እየሠራ ነበር፤ የውኃ ማፍያው አንድ ከሰዓት ዲቫይደሩን እስኪያነደው ድረስ። ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት ጠፉ። «አለሁ» የሚል ቀርቶ «አለህ?» የሚልም አልነበረም። የሚገርመው፣ ሥራ ያን ያህል አልቆመም። የዕቅድ ክፍሉ ሰው ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። ጸሐፊዋ ደብዳቤዎቹን ለካ በቴሌግራም ለራሷ እየላከች ታስቀምጥ ኖሯል። ዳይሬክተሩ የበጀት ሠንጠረዡን በስልካቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ተቀብለውታል። ሲስተም የለም የተባለው ለባለጉዳዩ ብቻ ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለት ነገር እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ፦ ሦስተኛ ሰርቨርና አዲስ ዲቫይደር። ሰርቨሩ ቋሚ ዕቃ ስለሆነ ከካፒታል በጀት ወዲያው ተፈቀደ። ዲቫይደሩ አላቂ ዕቃ ሆነ፤ የአላቂ ዕቃ በጀት ደግሞ በአንደኛው መንፈቅ ስላለቀ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲካተት ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እስከዚያው አንድ ሰው ዲቫይደር ከቤቱ አምጥቷል፤ አምስት ቀዳዳ ያለው። ሦስተኛው ሰርቨር ሁለት ገመድ ይዞ ስለመጣ አንዱ ገመድ በጀርባው ተጠምጥሞ ቀርቷል፤ ለሌላው ሲባል የውኃ ማፍያው ይነቀል ተብሏል። የሻይ ክበቡ አባላት ውሳኔው ያለ እነሱ ተሳትፎ የተሰጠ መሆኑን ጠቅሰው ለአስተዳደሩ ቅሬታ አስገብተዋል፤ ጉዳዩ እየታየ ነው።